ወንዙ ለግድቡ ስንት ውሃ አለው? ከመለኪያ ጣቢያው እስከ ሄክታሩ

ግድብ ሊሠራ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ስለ ግንቡ ይጠይቃል። ቁመቱ ስንት ነው? ስንት ብር ይፈጃል? መቼ ያልቃል? ከዚህ ሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ወንዙ በየዓመቱ ስንት ውሃ ያመጣል? ከዚያ ውስጥስ ለእኛ የሚተርፈው ስንቱ ነው?

ይህን የጻፍኩት ለጀማሪ የውሃ መሐንዲሶችና በወረዳ፣ በዞን ለሚሠሩ የመስኖ ባለሙያዎች ነው። ጥናት እጃቸው ገብቶ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብለው መጠየቅ ለሚፈልጉም ይጠቅማል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ኤክሴል ይበቃል። ከባዱ ነገር መዝገቡን መመርመርና በአማካይ ቁጥር አለመታለል ነው። ባየኋቸው ጥናቶች አብዛኛው ስህተት ቀመር ላይ አልነበረም። ቀመሩ ውስጥ የገባው ቁጥር ላይ ነበር።

ለስሌት አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ጣና ዙሪያ ያለ መካከለኛ የመስኖ ግድብ እናስብ። የዚህ ወንዝ ቁጥሮች ስሌቱ እንዲታይ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው፣ የአንድ የታወቀ ወንዝ መረጃ አይደሉም። የሌሎቹ ወንዞችና ግድቦች ነገር ግን እውነተኛ ነው።

1. ውሃው ለምን እንደሚፈለግ ወስኑ

«ስንት ውሃ አለ?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። ለከተማ መጠጥ ከሆነ ውሃው በ100 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 95ቱን እንዲገኝ ትፈልጋላችሁ። ሰው ያለ ውሃ አያድርም። ለመስኖ በተለምዶ 80 በመቶ ይወሰዳል፤ ከአምስት ዓመት በአንዱ ገበሬው በከፊል ሊቸገር ይችላል ማለት ነው። ለኤሌክትሪክ ኃይል አስተማማኙ ምርት ብዙ ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ይታሰባል።

ይህን ውሳኔ መጀመሪያ ጻፉት። ስሌቱ ካለቀ በኋላ ከሆነ ሰው ሳያስበው ፕሮጀክቱን የሚያስወድደውን ቁጥር ይመርጣል።

የመለኪያ አሃዶቹንም እዚሁ እንያዝ። በሰከንድ 1 ሜትር ኪዩብ የሚፈስ ወንዝ በዓመት 31.5 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያመጣል። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1,000 ሜትር ኪዩብ ነው። እነዚህን ሁለቱን በቃል ያዙ። ማንኛውንም ጥናት በደቂቃ ውስጥ ለመፈተሽ ያስችሏችኋል። ለምሳሌ ዓባይ በሱዳን ድንበር ላይ በአማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ያመጣል ይባላል። ለ31.5 ሚሊዮን ሲካፈል በሰከንድ ወደ 1,550 ሜትር ኪዩብ ይሆናል።

2. ውሃው የሚሰበሰብበትን መሬት ለኩ

የግድቡን ቦታ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉና ዝናቡ ወደዚያ የሚወርድበትን መሬት አስምሩ። የሳተላይት የከፍታ መረጃና እንደ ኪውጂአይኤስ ያለ ነፃ ሶፍትዌር ካላችሁ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ በእጅ መሥራትም ይቻላል። እንዲያውም አንዴ በእጅ መሥራት ጥሩ ነው፣ የተራራውን አናት መስመር በዓይን ያስተምራል።

ሜዳ ላይ ተጠንቀቁ። ፎገራን በመሰለ ሜዳ ኮምፒውተሩ ወንዙን ወደ ሌላ ወንዝ ሊቀላቅለው ይችላል። ያገኛችሁትን ስፋት ሁልጊዜ በአቅራቢያው ካለ የመለኪያ ጣቢያ ከተመዘገበው ስፋት ጋር አነጻጽሩ።

በምሳሌያችን የግድቡ ቦታ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከታች ያለው የመለኪያ ጣቢያ ደግሞ 600 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ይሰበስባል።

3. መዝገቡን ጠይቁ፣ ጥሬውን

በኢትዮጵያ የወንዝ ፍሰት መረጃ የሚገኘው ከውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። የዝናብ፣ የሙቀትና የትነት መረጃ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይገኛል። ደብዳቤ ይዛችሁ ስትሄዱ «የየቀኑን ፍሰት ስጡኝ» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ የየቀኑ የውሃ ከፍታ ንባብ፣ ማለትም ወንዙ ዳር ከቆመው ስኬል ላይ የተነበበው። ሁለተኛ፣ ባለሙያዎች ወንዙ ድረስ ሄደው ፍሰቱን በከረንት ሜትር (የውሃ ፍጥነት መለኪያ መሣሪያ) የለኩባቸው ቀናትና ውጤታቸው። ሦስተኛ፣ ከፍታውን ወደ ፍሰት የቀየሩበት ሬቲንግ ከርቭ ከነቀመሩ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ማንም በየቀኑ ፍሰት አይለካም። የሚነበበው ከፍታ ነው። ፍሰቱ በቀመር የተገመተ ነው። ግምቱ እንዴት እንደተሠራ ካላያችሁ የሰው ግምት ላይ ግድብ ትሠራላችሁ።

4. ጣቢያው ድረስ ሂዱ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት።

ጣቢያው አጠገብ የሚኖር፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ስኬሉን የሚያነብ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ገበሬ ነው። ለዓመታት የሠራ ከሆነ ስለዚያ ወንዝ ከፋይሉ በላይ ያውቃል። አጠገቡ ቁጭ በሉ። «ጋሼ፣ ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ስኬሉን ሲውጠው ምን ይጽፋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ልጄ፣ ያን ጊዜማ ማን ይጠጋዋል? ከዳር ሆኜ እገምታለሁ» ካሏችሁ ስለ መረጃው ትልቅ ነገር አወቃችሁ። ሰውየው ታማኝ ናቸው። ግን የዓመቱ ትልቁ ውሃ ባለፈበት ቀን መዝገቡ ላይ ያለው ግምት ነው።

የንባቡ ሰዓትም ራሱ ጉዳይ አለው። በደጋው ክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ትንሽ ወንዝ ላይ ጎርፉ በምሽት ይመጣና ሳይነጋ ይወርዳል። የማታውም የጠዋቱም ንባብ ያመልጠዋል። እንደ ዓባይ ባለ ትልቅ ወንዝ ይህ ብዙም አያሳስብም። በ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ግን ያሳስባል።

የአገር ሽማግሌዎችንም ጠይቁ። ጎርፉ እስከ የትኛው ዛፍ ደርሶ ያውቃል? ወንዙ ደርቆ የታየበት ዓመት አለ? የባህላዊ መስኖ ካለ የውሃ አባቱን ፈልጉ። በየትኛው ወር ማን ስንት ቀን ውሃ እንደሚወስድ በቃሉ ይነግራችኋል። ይህ መረጃ ወደ ኋላ በጣም ያስፈልገናል።

የወንዙን ወለልም ተመልከቱ። አሸዋ እየወጣበት ነው? ደለል ሞልቶታል? ርብ ወንዝ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ ወለሉ በደለል ከፍ እያለ እንደመጣ የታወቀ ነው። ወለሉ ሲነሳ ያው 2 ሜትር ንባብ በ1970ዎቹና ዛሬ አንድ ዓይነት ውሃ አይደለም።

5. መዝገቡን መርምሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንድ ሳምንት ቢፈጅም ይገባዋል።

መጀመሪያ የየቀኑን ፍሰት ሙሉውን በግራፍ ሳሉት። ዓይን ብዙ ያያል። አንድ ጊዜ በእጄ የገባ መዝገብ ነሐሴን ሙሉ 1.86 ሜትር ይላል፣ 30 ቀን አንድ ቁጥር። ወንዝ እንዲህ አይቆምም። በኋላ ስናጣራ ስኬሉን ጎርፍ ወስዶት ኖሯል። አንባቢው ደግሞ አዲስ እስኪተከልለት የመጨረሻዋን ንባብ ሲደጋግም ቆይቷል። ፋይሉን ያዘጋጀው ቢሮም ሳይጠይቅ ተቀብሏል። ያን ዓመት ከስሌቱ አወጣነው።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩን ፈትሹ። ይህ የእኛው የራሳችን ችግር ስለሆነ የውጭ መጽሐፍ አይነግራችሁም። አንባቢው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል። ቢሮ ውስጥ ወደ አውሮፓውያን ይቀየራል። ነሐሴ 12ኛ ወር ስለሆነ ዲሴምበር ተደርጎ ከገባ የዓመቱ ትልቁ ጎርፍ በበጋ መካከል ብቅ ይላል። ጳጉሜን ደግሞ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። አምስት ቀን ምን አላት እንዳትሉ። በእኛ ወንዝ በዚያን ሰሞን በሰከንድ 40 ሜትር ኪዩብ ቢፈስ፣ በአምስት ቀን ከ17 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ነው። ከዓመቱ ውሃ ወደ 6 በመቶ የሚጠጋ በአንዲት አጭር ወር ይጠፋል።

የዓመት ስምም ያሳስታል። ሁላችንም «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» እንላለን። ዝናቡ የከዳበት ክረምት ግን በእኛ አቆጣጠር የ1976 ክረምት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1984። በመዝገቡ ላይ 1977ን ብቻ ብትፈልጉ ድርቁን አታገኙትም።

ሦስተኛው ሬቲንግ ከርቭ ነው። ባለሙያዎቹ ፍሰት የለኩባቸውን ቀናት ከፍታ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚለካው በበጋና በመስከረም፣ መኪና መግባት ሲችል ነው። ከፍተኛው ልኬት 2.5 ሜትር ላይ ቆሞ ጎርፉ 4.2 ሜትር ከደረሰ፣ በመካከሉ ያለው ሁሉ መስመሩን በማስረዘም የተገኘ ነው። የዓመቱ ብዙ ውሃ የሚያልፈው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳ ላይ ከተኛማ ቀመሩ ከነጭራሹ አይሠራም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንድ ክረምት ራሳችሁ ከድልድይ ላይ ለኩ። ካልሆነም የወንዙን ስፋት፣ ጥልቀትና ተዳፋት ቀይሳችሁ በማኒንግ ቀመር፣ ከወንዙ ቅርጽና ተዳፋት ፍሰትን በሚገምተው፣ ላይኛውን ክፍል አረጋግጡ።

አራተኛ፣ ወንዙ ራሱ ተለውጦ እንደሆነ እዩ። ጥሩ ምሳሌ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ባሕር ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጨረጨራ ውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2010 ደግሞ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ውሃ ከፊሉ በዋሻ ወደ በለስ ሄደ። ከ1996 በፊት፣ ከ1996 እስከ 2010 እና ከዚያ በኋላ ያሉት መዝገቦች ስማቸው አንድ ቢሆንም የሦስት የተለያዩ ወንዞች ያህል ናቸው። ሦስቱን ደርቦ አማካይ ማውጣት ትርጉም የለውም።

በትንንሽ ወንዞች ላይ ያው ነገር በጸጥታ ይሆናል። ባለፉት 20 ዓመታት የውሃ ፓምፕ በየወንዙ ዳር ተተክሏል። ሽንኩርት፣ ጫት፣ ቲማቲም ይጠጣል። በ1970ዎቹ የተመዘገበ የየካቲት ፍሰት ዛሬ አይገኝም።

የጎደሉ ቀናትን ስለመሙላት በአጭሩ። በበጋ ለጥቂት ቀናት የጎደለውን በግራና በቀኙ ባለው ንባብ መካከል መስመር ስቦ መሙላት ይቻላል። በክረምት ግን አይቻልም። በክረምት ከጎረቤት ጣቢያ ጋር ያለውን ዝምድና ተጠቀሙ። ከሁለት ወር በላይ ክረምት ከጎደለ ዓመቱን ጣሉት። በሰሜኑ ክፍል በእኛ አቆጣጠር በ1983 አካባቢ ብዙ ጣቢያዎች ክፍተት ስላላቸው ይህ ይገጥማችኋል።

6. ከጣቢያው ወደ ግድቡ ቦታ አምጡት

ጣቢያው እምብዛም የግድቡ ቦታ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ፍሰቱን በስፋት ጥምርታ እናሸጋግራለን። በምሳሌያችን የጣቢያው አማካይ ዓመታዊ ፍሰት 300 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። 420 ለ600 ሲካፈል 0.7 ነው። የላይኛው መሬት ተራራማ ስለሆነ 1,400 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላው ደግሞ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል እንበል። 300 ሲባዛ በ0.7፣ እንደገና በ1,400 ለ1,300 ሲባዛ 226 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይወጣል።

ፈትሹት። 300 ሚሊዮን በ600 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢዘረጋ 500 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ 38 በመቶው ወንዝ ሆነ ማለት ነው። ለደጋ ያስኬዳል። 80 በመቶ ቢወጣ ኖሮ ወይ ዝናቡ ወይ ፍሰቱ ተሳስቷል።

ይህ ዘዴ የሚያስተማምነው ሁለቱ ስፋቶች ሲቀራረቡ ነው። የግድቡ ቦታ ከጣቢያው ግማሽ ካነሰ ወይም ከአንድ ተኩል እጥፍ ከበለጠ ተጠራጠሩ።

በወንዙ ላይ ጣቢያ ጭራሽ ከሌለስ? ተመሳሳይ መሬት፣ አፈርና ዝናብ ያለው ጎረቤት ወንዝ ፈልጉ። የዝናብ ጣቢያ ከሌለም ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ቺርፕስ የተባለው የሳተላይት የዝናብ መረጃ በነፃ ይገኛል። ከመጠቀማችሁ በፊት ግን በአቅራቢያው ካለ ጣቢያ ጋር አስተያዩት። ከዚያ ራሳችሁ መለካት ጀምሩ። ዛሬውኑ። ስኬል ትከሉ፣ ሰው ቅጠሩ። የአንድ ዓመት የራስ ልኬት የጎረቤቱ ወንዝ ይመጥን እንደሆነ ይነግራችኋል።

መሣሪያ ከሌለ በተንሳፋፊ መለካት ይቻላል። ቀጥ ያለ 20 ሜትር ቦታ ምረጡ። ግማሽ ድረስ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ልቀቁና ሰዓት ያዙ። በ25 ሰከንድ ከደረሰ የገጹ ፍጥነት በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው። ውሃ ወደ ወለሉ ሲጠጋ ስለሚዘገይ በ0.85 አባዙት፤ 0.68 ይሆናል። ወንዙ 12 ሜትር ስፋትና በአማካይ 0.8 ሜትር ጥልቀት ካለው ሁለቱ ሲባዙ የውሃው ቁራጭ ስፋት 9.6 ካሬ ሜትር ነው። 9.6 ሲባዛ በ0.68 በሰከንድ 6.5 ሜትር ኪዩብ። ጠርሙሱን አንዴ ሳይሆን አምስት ስድስት ጊዜ፣ በመሐልም በዳርም ልቀቁ። ጎርፍ ላይ አትግቡ፤ ከድልድይ ላይ ሆናችሁ ሥሩ።

7. ዓመቱን ከየት እንደምትቆርጡት

ዓመታዊ ድምር ስትሠሩ ከመስከረም 1 አትጀምሩ። አዲስ ዓመታችን የሚገባው ወንዙ ገና ሞልቶ እያለ ነው። አንዱን ክረምት ለሁለት ዓመት ታካፍሉታላችሁ። ድርቁም ጥጋቡም ተቀላቅሎ ሁሉም ዓመት ደህና ይመስላል። በክረምት ዝናብ በሚሞሉ ወንዞች ዓመቱን ከግንቦት ወይም ከሰኔ ጀምሩ፣ ወንዙ ከሚያንስበት። በልግ ዋና ዝናብ በሆነበት ደቡብና ምሥራቅ ግን የራሱን ወንዝ ዝቅተኛ ወር ፈልጉ።

አሁን የየዓመቱን ድምር ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ። 24 ዓመት አለን እንበል። ደረጃውን በ25 (በዓመታቱ ብዛት ላይ አንድ ጨምሮ) ስታካፍሉ የመገኘት ዕድሉን ታገኛላችሁ። ለ80 በመቶ 20ኛው ዓመት ነው። በምሳሌያችን 20ኛው 168 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው እንበል።

አማካዩ 226፣ አስተማማኙ 168። በዚህ 58 ሚሊዮን ልዩነት ነው ብዙ ፕሮጀክት የሚወድቀው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንዶች የእያንዳንዱን ወር 80 በመቶ ለየብቻ አውጥተው 12ቱን ይደምራሉ። እንዲህ ያለ ዓመት ግን የለም። ሁሉም ወር በአንድ ላይ ደካማ የሚሆንበት ዓመት ብርቅ ነው። ይልቅ ድምሩ ለ168 የቀረበውን እውነተኛ ዓመት ፈልጉና የእሱን ወራት እንዳሉ ውሰዱ።

ሁለተኛ፣ 24 ዓመታችሁ የትኞቹ 24 ዓመታት እንደሆኑ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ ሰባት ግዛቶች የኮሎራዶን ወንዝ ሲከፋፈሉ እጃቸው ላይ የነበረው መዝገብ አጭር ነበር። ዘመኑ ደግሞ እርጥብ ነበር። ለላይኛውና ለታችኛው ተፋሰስ በዓመት 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ መደቡ። ለሜክሲኮ የሚለቀቀው በዚያ ላይ ተጨማሪ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወንዙ በአማካይ ከ16 ቢሊዮን በታች ነው የሚያመጣው። ከመቶ ዓመት በኋላም እየተጨቃጨቁበት ነው። የእናንተ መዝገብ በእኛ አቆጣጠር የ1976ን ክረምት ይዟል? የ2007ን የኤልኒኖ ክረምትስ? ካልያዘ የዝናብ መዝገቡን ተጠቅማችሁ ወደ ኋላ አርዝሙት።

8. ከወንዙ ላይ የሌላውን ድርሻ ቀንሱ

168 ሚሊዮኑ የወንዙ ነው። የፕሮጀክቱ አይደለም።

ከታች ገበሬ አለ፣ ከብት አለ፣ ዓሣ አለ። የውሃ አባቱ የነገሯችሁን እዚህ ላይ አውጡት። በየወሩ የሚወሰደውንና ወንዙ በሕይወት እንዲቆይ የሚያስፈልገውን ደምሩ። በምሳሌያችን 25 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው እንበል። ይህን እንደ ቸርነት አትዩት። እነዚያ ሰዎች ከግድቡ በፊት ነበሩ። ግድቡ ሲሞላ የማሳቸው ቦይ ቢደርቅ ጥፋቱ የስሌቱ ነው።

ከዚያ ትነት። ጣና አካባቢ ክፍት ውሃ በዓመት ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር ይተናል። ክረምት ላይ ዝናቡ በከፊል ስለሚተካው የተጣራውን ኪሳራ 1 ሜትር ያህል እንውሰድ። ሐይቁ በአማካይ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሆነ 6 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይጠፋል። ለስርገት፣ ማለትም ወደ መሬት ለሚሰርገው ውሃ፣ 2 ሚሊዮን እንጨምር። የሐይቁ ቅርጽ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በረሃ ላይ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ ኋላ ካለው ሐይቅ በዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይተናል።

168 ሲቀነስ 25፣ 6 እና 2፣ 135 ሚሊዮን ይቀራል። አንድ ሄክታር የበጋ መስኖ የቦይ ብክነቱን ጨምሮ 12,000 ሜትር ኪዩብ ይፈልጋል ካልን 11,250 ሄክታር ይለማል።

በአማካዩ ብንሄድስ? 226 ሲቀነስ 33፣ 193 ሚሊዮን ነው። 16,000 ሄክታር ይሆናል። ልዩነቱ ወደ 4,800 ሄክታር ነው። ለአንድ ቤተሰብ ግማሽ ሄክታር ብትሰጡ፣ ወረቀት ላይ መሬት አግኝተው ቦያቸው የሚደርቅ ከ9,600 በላይ ቤተሰቦች ናቸው።

9. ግድቡን በወር በወሩ አስኪዱት

እስካሁን የሠራነው ግድቡ ያን ሁሉ ውሃ መያዝ ይችላል ብሎ ነው። ፍላጎቱ በበጋ ነው፣ ውሃው የሚመጣው በክረምት። ከ135 ሚሊዮኑ የተወሰነውን ወንዙ ራሱ በበጋ ቢያመጣም፣ ቢያንስ 115 ሚሊዮኑን ከክረምት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቦታው 70 ሚሊዮን ብቻ የሚይዝ ከሆነ የማይያዘው ውሃ በማስተንፈሻው ላይ ያልፋል፣ እናንተም ታዩታላችሁ።

ኤክሴል ክፈቱ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ወር ነው። በወሩ መጀመሪያ ያለው ውሃ ላይ የገባውን ደምሩ። ለመስኖ፣ ለታች የሚለቀቀውን፣ ትነቱንና ስርገቱን ቀንሱ። ውጤቱ ከግድቡ ይዘት ከበለጠ ትርፉ ይፈስሳል። ከዝቅተኛው መውጫ በታች ከወረደ ያ ወር ከሸፈ። የሁሉንም ዓመታት ወራት በቅደም ተከተል እንዲህ አስኪዱ። ግድቡ ባዶ ሆኖ ጀምሩ። ሙሉ አድርጎ መጀመር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳምራቸዋል።

በመጨረሻ ያልከሸፉትን ዓመታት ቁጠሩ። ከ24 ቢያንስ በ19ኙ ፍላጎቱ ከተሟላ 80 በመቶ ገደማ ደርሳችኋል። ካልደረሰ ሄክታሩን ቀንሱ ወይም ግንቡን ከፍ አድርጉ፣ እንደገናም አስኪዱ።

ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። ደረቅ ዓመታት ተከታትለው የመምጣት ጠባይ አላቸው። በግብፅ ለአሥርተ ዓመታት የሠራው ሃሮልድ ኸርስት የዓባይን ረጅም መዝገብ ሲመረምር ይህንኑ አየ። የእኛ ሰው ደግሞ ከዮሴፍ ታሪክ ያውቀዋል፤ ሰባት የጥጋብ፣ ሰባት የረሃብ ዓመታት። አንድ ድርቅ የሚችል ግድብ ሁለት ተከታታይ ድርቅ ላይችል ይችላል። ታላቁ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፣ የአንድ ዓመት ተኩል አማካይ ፍሰት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግድብ ከጥጋቡ ዓመት ወደ ድርቁ ዓመት ማሻገር ይችላል። የእኛ ትንሽ ግድብ ግን በየግንቦቱ ባዶውን ይቀራል፣ ዕጣው በየክረምቱ ይወሰናል።

10. ደለሉንና መጪውን ጊዜ አስገቡ

የቆቃ ሐይቅና የጎንደሩ አንገረብ ግድብ ብዙ ቦታቸውን በደለል አጥተዋል። በምሳሌያችን ከየካሬ ኪሎ ሜትሩ በዓመት 1,000 ቶን አፈር ቢመጣ፣ በዓመት 420,000 ቶን ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ደለል 1.2 ቶን ቢመዝን 350,000 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በ50 ዓመት 17.5 ሚሊዮን። ደለሉ ሁሉ ታች ወርዶ አይተኛም። ከፊሉ ወንዙ ሐይቁን በሚገናኝበት አፍ ላይ ይቀራል፣ ለመስኖ ያሰባችሁትን ቦታም ይይዛል። ስለዚህ ደረጃ 9ን ሁለቴ ሥሩ፤ አንዴ በአዲሱ ይዘት፣ አንዴ ከ25 ዓመት በኋላ በሚቀረው።

የአየር ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድ በየወንዙ መናገር ከባድ ነው። መሞከር ግን ቀላል ነው። የገባውን ውሃ ሁሉ በ0.9፣ ከዚያም በ0.8 አባዙ። በእኛ ምሳሌ አስተማማኙ ውሃ በ10 በመቶ ቢቀንስ 151 ሚሊዮን ይሆናል። ሌላውን ስንቀንስ 118 ሚሊዮን፣ ወደ 9,850 ሄክታር። ውሃው የቀነሰው በ10 በመቶ ነው፣ ማሳው ግን ከ12 በመቶ በላይ። የታች ሰዎች ድርሻና ትነቱ ስለማይቀንሱ ጉዳቱ ሁሉ ፕሮጀክቱ ላይ ያርፋል። ከላይ ሌላ ግድብ የታቀደ እንደሆነም ጠይቁና የሚወስደውን ቀንሳችሁ አስኪዱት።

ሪፖርቱ ላይ

አንድ ቁጥር ብቻ አትጻፉ። የ50፣ የ80፣ የ90 እና የ95 በመቶውን ውሃ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ከየአንዱ ፊት የሚለማውን ሄክታር ጻፉ። የትኞቹን ዓመታት እንደጣላችሁና ለምን እንደጣላችኋቸው፣ ሬቲንግ ከርቩ በልኬት የተደገፈው እስከ ስንት ሜትር እንደሆነ በግልጽ አስፍሩ። ጥሬውን ፋይል ከሪፖርቱ ጋር አያይዙ፣ የሚቀጥለው ባለሙያ ከዜሮ እንዳይጀምር።

የተከላችሁትን ስኬል ደግሞ ጥናቱ አለቀ ብላችሁ አትንቀሉት። የአንባቢውን ደመወዝ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ አስገቡ። ግንባታው አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። ግድቡ ውሃ መያዝ ሲጀምር አራት አምስት ተጨማሪ ክረምት በእጃችሁ ይኖራል፣ ሰንጠረዡም እንደገና ይሠራበታል።